ኤሌክትሪክ ጊታር የተወለደው ጭን ላይ ነው

ኤሌክትሪክ ጊታር ሲባል የአብዛኞቻችን ዓይነ ኅሊና ላይ የሚመጣው ምስል አንድ ነው፤ ፀጉሩን ያጎፈረ ወጣት፣ ትከሻው ላይ የተንጠለጠለ መሣሪያ፣ ከኋላው የተደረደረ ድምፅ ማጉያ። ነገር ግን ገበያ ወጥቶ የተሳካለት የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ጊታር ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል አልነበረም። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ መሣሪያውን እንደ ሰሌዳ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ክሮቹን በጣቱ ሳይጫን በብረት ዘንግ እየዳሰሰ የሚጫወተው ነበር። ዛሬ ላፕ ስቲል እንለዋለን። የፈጠሩት ሰዎች ግን ኪካ ኪላ ይሉታል፤ በሃዋይ ቋንቋ "የብረት ጊታር" ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንደኛው ላፕ ስቲል መጀመር ፈልጎ "የቱን ልግዛ? ከየት ልጀምር?" የሚል ነው። ሁለተኛው ጊታር የመግዛት ሐሳብ የሌለው፣ ታሪክ የሚወድ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጥኩት ያለምክንያት አይደለም። ጀማሪ ገዢ ፊት የሚደረደሩት ጥያቄዎች ማለትም እንጨት ወይስ ኤሌክትሪክ፣ ባለ 6 ክር ወይስ ባለ 8፣ ቅኝቱስ የቱ ይሁን የሚሉት፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ዘመን ታሪክ ትተዋቸው ያለፉ ናቸው። ታሪኩን ያወቀ ሰው ግማሹን መልስ ይዞ ሱቅ ይገባል።

(ከአንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከብቶች ያመጡት ጊታር

በ1793 የእንግሊዙ የባህር ኃይል መኮንን ጆርጅ ቫንኩቨር ለሃዋይ ንጉሥ ለቀዳማዊ ካሜሃሜሃ የቀንድ ከብቶች በስጦታ ሰጠው። ንጉሡ ማንም እንዳይነካቸው አዋጅ አስነገረ። ከብቶቹ ተባዙ፣ ዱር ገቡ፣ የገበሬውን ማሳ ያወድሙ ጀመር። በ1830ዎቹ ልጁ ሣልሳዊ ካሜሃሜሃ መላ ሲፈልግ፣ ያኔ በሜክሲኮ ሥር ከነበረችው ካሊፎርኒያ ፈረሰኛ ከብት ጠባቂዎችን አስመጣ። እነዚህ ሰዎች ለሃዋይ ተወላጆች ፈረስ መጋለብና ገመድ ጥሎ በሬ መያዝ አስተማሩ። የሃዋይ ከብት ጠባቂ እስከ ዛሬ "ፓኒዮሎ" ይባላል። ቃሉ "ኤስፓኞል" ከሚለው የመጣ ነው።

ከኮርቻቸው ጋር ጊታርም ይዘው ነበር። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጊታሩ ቀረ። የሃዋይ ሰዎችም ጊታሩን በስፔን ቅኝት አላቆዩትም። ክሮቹን አላልተው፣ ማንም ሳይዛቸው ባዶአቸውን ሲመቱ የተስማማ ድምፅ እንዲሰጡ አድርገው ቃኟቸው። ይህን አጨዋወት "ኪ ሆአሉ" ይሉታል፣ የላላ ቁልፍ እንደማለት ነው።

ይህ ለእኛ ጆሮ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲሻገር ክራሩን እንደገና ይቃኛል። ዜማው መሣሪያውን ይከተላል ሳይሆን መሣሪያው ዜማውን ይከተላል። የሃዋይ ሰዎችም ከውጭ የመጣውን ዕቃ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ለራሳቸው ዜማ ቃኙት።

ብሎን ያነሳው ልጅ

ጆሴፍ ኬኩኩ በ1874 ኦዋሁ ደሴት ላይ፣ ላኢዬ በምትባል መንደር ተወለደ። ደጋግሞ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ልጁ ጊታሩን ይዞ በባቡር ሐዲድ ዳር ሲሄድ ወድቆ ያገኘውን ብሎን አነሳ፤ ብሎኑ ክሩን ሲነካው ድምፁ ተንሸራተተ፤ ልጁም ደነገጠ፣ ወደደው። በሌላ አተራረክ ብሎኑ ሰንጢ ወይም ማበጠሪያ ይሆናል። ጋብርኤል ዳቪዮንና ጄምስ ሆዋ የሚባሉ ሌሎች ሁለት ሰዎችም በፈጣሪነት ስማቸው ይነሳል።

እኔ የብሎኑን ተረት ብዙም አልወደውም። ይጣፍጣል፣ ነገር ግን የልጁን ሥራ ያሳንሳል። ብረት ክር ላይ ሲንሸራተት ምን እንደሚል የሰማ ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው። ኬኩኩን ከሌሎቹ የለየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሆኖሉሉ በሚገኘው የካሜሃሜሃ የወንዶች ትምህርት ቤት ሲማር በወርክሾፑ ውስጥ ለእጅ የሚመች ለስላሳ የብረት ዘንግ ሠራ። የአንጀቱን ክር በብረት ክር ተካ። ክሮቹ ከአንገቱ እንጨት ጋር እንዳይነካኩ ከፍ አደረጋቸው። ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመና ለዓመታት ተለማመደው። ከዚያም ለትምህርት ቤት ጓደኞቹ አስተማረ፣ እነሱም ለየደሴታቸው አዳረሱት። አጋጣሚ ለሁሉም ይመጣል። መሣሪያን ከነአጨዋወቱ አጠናቅቆ ለሌላው ማስረከብ ግን የሠራተኛ ሰው ሥራ ነው።

ደመወዙን የተወው ባንድ

ጥር 17 ቀን 1893 የስኳር እርሻ ጥቅም ያስተሳሰራቸው ጥቂት ነጭ ነጋዴዎችና ጠበቆች፣ ከመርከብ በወረዱ የአሜሪካ ወታደሮች ድጋፍ የሃዋይን ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋኗ አወረዱ። ንግሥቲቱ ራሷ የዜማ ደራሲ ነበረች፤ በዓለም የሚታወቀው "አሎሃ ኦኤ" የእሷ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የሆነው በሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት ብዙ ቦታ የማይሰጠው ነገር ነው። አዲሱ መንግሥት የንጉሣዊው የሃዋይ ባንድ አባላት የታማኝነት ቃል እንዲፈርሙ ጠየቀ። አብዛኞቹ እምቢ አሉ፤ ከሥራ ተባረሩ። ካልፈረማችሁ ድንጋይ ትበላላችሁ ተብለው ነበር ይባላል። በእነሱ ምክንያት የተደረሰ መዝሙርም አለ፤ ከመጠሪያዎቹ አንዱ "ድንጋይ የመብላት መዝሙር" የሚል ነው። የተባረሩት ሰዎች የራሳቸውን ብሔራዊ ባንድ አቋቁመው በ1895 አሜሪካን ዞሩ። በዚያው ዓመት ንግሥቲቱ በገዛ ቤተ መንግሥቷ፣ በኢዮላኒ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ታስራ ነበር። በ1898 አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቅልላ ወሰደች።

በመሃል ያለችውን 1896ን ልብ በሉልኝ። እኛ በየካቲት 1888 አድዋ ላይ ያሸነፍንበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት የሃዋይ አዲስ ገዢዎች የትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ሕግ አወጡ። የሃዋይ ልጅ በአፉ ቋንቋ መማር ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ያ ቋንቋ በነፃነት ከተሰማባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ዘፈን ነበር። የዘፈኑ ታማኝ አጃቢ ደግሞ ኪካ ኪላ ነው።

ስለዚህ ኬኩኩ በ1904 ወደ አሜሪካ ሲሻገር፣ ሌሎችም ተከትለውት ሲወጡ፣ ነገሩ ዝና ፍለጋ ብቻ አልነበረም። አገራቸው ላይ ለሃዋይ ሙዚቀኛ የቀረው ቦታ ጠቦ ነበር። ኬኩኩ አሜሪካን አዳረሰ፣ አውሮፓን ዞረ፣ ብዙ ተማሪ አፈራ፣ በ1932 ኒው ጀርሲ ውስጥ አረፈ።

አሜሪካ ያበደችበት ዘመን

በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። በሃዋይ ድንኳን የሚጫወቱትን ሙዚቀኞች ሚሊዮኖች ሰሟቸው። በቀጣዩ ዓመት የሃዋይ ሙዚቃ ሸክላ በአሜሪካ እጅግ ከሚሸጡት ተርታ ገባ። ሃዋይን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የኒው ዮርክ ዘፈን ጸሐፊዎች የሃዋይ ቋንቋ የሚመስሉ ትርጉም የለሽ ቃላትን እየደረደሩ "የሃዋይ ዘፈን" ያመርቱ ጀመር። ልጆቹ በገዛ ቋንቋቸው እንዳይማሩ የተከለከሉበት ሕዝብ ቋንቋ በሌላው አፍ ቀልድ ሆነ።

መሣሪያው ግን ከቀልዱ በላይ ሄደ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር ሙዚቀኞች ከአፍሪካ ሥር ካለው ባለ አንድ ክር መሣሪያቸው ጀምሮ በክር ላይ ነገር ማንሸራተትን ያውቁት ነበር። "የብሉዝ አባት" የሚባለው ደብሊው ሲ ሃንዲ ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ ቢላ በጊታር ክር ላይ እየዳሰሰ የሚጫወት ሰው እንደሰማ ሲጽፍ፣ አጨዋወቱን ያመሳሰለው ከሃዋይ ጊታረኞች ጋር ነው። የብሉዝ ስላይድ ከየትኛው ወንዝ እንደተቀዳ ዛሬም ያከራክራል። ለእኔ ሁለቱ ወንዞች የተገናኙ ይመስለኛል። ከሁለት አንዱን መካድ አያስፈልግም።

በ1920ዎቹና 30ዎቹ "የሃዋይ ጊታር" ማስተማር ትልቅ ንግድ ሆነ። ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ የነበረው ኦዋሁ አሳታሚ ድርጅት ጊታሩን፣ የትምህርት ወረቀቱንና መምህሩን በአንድነት ያቀርብ ነበር። ሻጭ ቤት ያንኳኳል፣ ልጁ ይመዘገባል፣ በየሳምንቱ አንድ ትምህርት ይወስዳል። በአሜሪካ ገጠር ለብዙ ልጆች የመጀመሪያው የሙዚቃ ትምህርት ይህ ነበር።

ሦስቱ ጊታሮች፣ አንዱ ችግር

ችግሩ ድምፁ ማነሱ ነበር። አዳራሹ ሰፋ፣ ታምቡሩና ጥሩምባው ጎላ፣ ጭን ላይ የተጋደመው ጊታር ግን ድምፁ የሚወጣው ወደ ጣሪያ ነው፤ ፊት ለፊት ለተቀመጠው አድማጭ አይደርስም። ለዚህ ችግር ሦስት መልሶች ተገኙ። ዛሬ ሱቅ ስትገቡ የምታዩዋቸው ሦስቱ የላፕ ስቲል ዓይነቶች እነዚህ መልሶች ናቸው።

የመጀመሪያው የእንጨት መልስ ነው። በሎስ አንጀለስ የነበረው ጀርመናዊ ተወላጅ ሄርማን ቫይሰንቦርን አንገቱ ጭምር ውስጡ ክፍት የሆነ ጊታር ሠራ፤ ብዙውን ጊዜ ኮዋ ከሚባለው የሃዋይ እንጨት። አየር የሚይዘው ሆዱ እስከ አንገቱ ስለሚደርስ ድምፁ ሞቅ ያለና ረጅም ነው።

ሁለተኛው የብረት ሸክላ መልስ ነው። ጆን ዶፒየራ በ1927 በጊታሩ ሆድ ውስጥ ስስ የአሉሚኒየም ሾጣጣዎችን አስገብቶ ናሽናል የሚባለውን ጊታር አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ከወንድሞቹ ጋር ዶብሮን ሠራ። ስሙ "ዶፒየራ ወንድማማቾች" ከሚለው ያጠረ ነው። ድምፁ ስል ነው፣ ያስተጋባል።

ሦስተኛው መልስ ዓለምን ቀየረ። ጆርጅ ቢቻም የሃዋይ ጊታር የሚጫወት የቴክሳስ ሰው ነበር። ሁለት የፈረስ ኮቴ የሚመስሉ ማግኔቶችን ክሮቹን አቅፈው እንዲቀመጡ አደረገ፤ ከክሮቹ ሥር የሽቦ ጥቅል አኖረ። የብረት ክር በማግኔት መስክ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ በጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያንን አምፕሊፋየር ያጎላዋል። በ1931 የእንጨት ናሙናው ተሠራ፣ በ1932 ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ሆነው ከአሉሚኒየም አቅልጠው ለገበያ አቀረቡት። ክብ ሆድና ረጅም አንገት ስለነበረው "መጥበሻው" ተባለ። የፈጠራ መብቱ በ1937 ጸደቀ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠራው በዚያው መርህ ነው።

ለምን ከላፕ ስቲል ተጀመረ? ሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛ፣ የሃዋይ ሙዚቃ ገበያው ነበር። ሁለተኛ፣ ላፕ ስቲል የብረት ክር ግድ ይለዋል፤ ማግኔት ደግሞ ከብረት ሌላ ክር አይሰማም። ኬኩኩ በወርክሾፕ ውስጥ የአንጀት ክር ሲቀይር የኤሌክትሪክ ጊታርን በር እየከፈተ እንደነበር አላወቀም።

ስሙ የተፋቀበት መንገድ

ሊዮ ፌንደርም ሥራውን በ1945 የጀመረው ላፕ ስቲልና አምፕሊፋየር በመሥራት ነው። የታዋቂው ቴሌካስተር የብሪጅ ፒክአፕ ከላፕ ስቲሎቹ ፒክአፕ የወጣ ነው። በ1953 ደግሞ ፌንደር አንድ የሃዋይ ሰው ቀጠረ። ማዊ ደሴት የተወለደው ፍሬዲ ታቫሬስ ጎበዝ የስቲል ጊታር ተጫዋች ነበር። በልጅነታችን በቴሌቪዥን ያየናቸው የሉኒ ቱንስ ካርቱኖች ሲጀምሩ የሚሰማው ያ የሚንሸራተት ድምፅ የእሱ እጅ ሥራ ነው። በ1954 የወጣውን ስትራቶካስተርን በመንደፍ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ጂሚ ሄንድሪክስ እጅ ላይ የምናውቀው ጊታር ማለት ነው። የሄንድሪክስን ስም የማያውቅ የለም። የታቫሬስን ስም የሚያውቅ ስንት ነው?

ካንትሪ ሙዚቃ መሣሪያውን ወሰደ፤ "የሃዋይ" የሚለው ቅጽል ቀስ በቀስ ወደቀና "ስቲል ጊታር" ብቻ ቀረ። በፊላደልፊያ የጥቁሮች ጴንጤቆስጣዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትሮማንና ዊሊ ኢሰን በ1930ዎቹ መጨረሻ ለአምልኮ ተጠቀሙበት፤ እስከ ዛሬ የሚቀጥል የራሱ ወግ ሆነ። ሕንድ ውስጥ ብሪጅ ቡሻን ካብራ ራጋ ተጫወተበት። ቪሽዋ ሞሃን ባት ከዚያው ሥር ባበጀው ሞሃን ቪና በ1994 ግራሚ ተሸለመ። ናይጄሪያ ውስጥ ኪንግ ሰኒ አዴ ባለ መርገጫውን ስቲል በጁጁ ሙዚቃው ውስጥ አስገባ።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሙዚቃ መሄዱ አይቀርም። የሚከፋው የሃዋይ ሰው ከገዛ ፈጠራው ታሪክ መጥፋቱ ነው። ለእሱ የቀረለት የሆቴል አዳራሽ፣ የአበባ ጉንጉንና ቱሪስት ነበር። በ1970ዎቹ የሃዋይ ወጣቶች ባህላቸውን መልሰው ሲያነሱ ብዙዎቹ ኪካ ኪላን የቱሪስት ሙዚቃ ብለው ናቁት። አንድ ጥበብ ለእንግዳ ማሳያ ብቻ ሲሆን መጀመሪያ የሚያፍርበት የገዛ ልጁ ነው። በባህል ምግብ ቤት ለጎብኚ የሚጫወት መሰንቆ ተጫዋች ያየ ኢትዮጵያዊ ይህ ይገባዋል።

የመጀመሪያችሁን ስትመርጡ

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ።

ቤታችሁ ተራ የእንጨት ጊታር ካለ፣ ምንም ሳትገዙ መጀመር ትችላላችሁ ማለት ይቻላል። ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ በሚያርፉበት ናት ላይ የሚደረብ ትንሽ የብረት ማንሻ አለ፤ ርካሽ ነው፤ ክሮቹን ከፍሬቱ ያርቃቸዋል። ክሮቹ የብረት ይሁኑ። ጥንቃቄ የሚሻው ቅኝቱ ነው። ክሮቹን የሚያላላ ቅኝት ምረጡ፤ ለምሳሌ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሬ። ክሮቹን ወደ ላይ የሚወጥር ቅኝት ለዚያ ያልተሠራ ጊታርን ሊያጣምም ይችላል።

መግዛት ከፈለጋችሁ የእኔ ምክር ባለ 6 ክር ቀላል ኤሌክትሪክ ላፕ ስቲል ነው። ከአንድ ጠንካራ እንጨት የሚወጣ ሰሌዳ ስለሆነ የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው። ባለ 8 ክሩ ተጨማሪ ኮርድ ይሰጣል፤ ለጀማሪ ግን ማፈን ያለበትን ክር ያበዛበታል። በእግር መርገጫ የሚሠራው ፔዳል ስቲል ሌላ ዓለም ነው፤ ውድና ከባድ ነው፣ ለኋላ ይቆይ። ኤሌክትሪክ በሌለበት፣ ብቻችሁን በረንዳ ላይ መጫወት ከወደዳችሁ ቫይሰንቦርን መሰሉን፤ ከባንድ ጋር በእንጨት ድምፅ መወዳደር ከፈለጋችሁ ዶብሮን አስቡ።

ከናት እስከ ብሪጅ ያለው የክር ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ57 እስከ 63 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። አጠር ያለው ዘንጉን አጋድሞ ለመያዝ ይመቻል። ከመግዛታችሁ በፊት አራት ነገር አረጋግጡ፦

1. 12ኛው መስመር በናትና በብሪጅ መካከል እኩል ላይ መሆኑን በሜትር ለኩ። ካልሆነ ዕድሜ ልካችሁን ከድምፅ ውጭ ትጫወታላችሁ።
2. ክሮቹ በሙሉ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። ዘንጉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ዝቅ ያለ ክር አይነካውም።
3. መቃኛ ቁልፎቹ ከቃኛችሁ በኋላ የሚንሸራተቱ አይሁኑ።
4. አምፕሊፋየር ላይ ሰክታችሁ ሳትጫወቱ አድምጡ፤ የሚያጉረመርም ከሆነ ተዉት።

ባላችሁበት አካባቢ ባይገኝስ? ጎበዝ አናጺ ሊሠራው ይችላል። ፍሬት አይገባበትም፣ አንገቱም ለእጅ መዳፍ አይቀረጽም። የመስመሮቹ ስሌት ይኸውላችሁ፦ ሙሉውን የክር ርዝመት በ17.817 አካፍሉ። ርዝመቱ 57 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 3.2 ይመጣል፤ የመጀመሪያው መስመር ከናት እዚያ ርቀት ላይ ነው። የቀረውን 53.8 እንደገና በ17.817 አካፍሉ፤ ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው በ3.02 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። እንዲህ እያላችሁ 12ኛው ላይ ስትደርሱ 28.5 ላይ ካረፋችሁ ስሌቱ ትክክል ነው።

ስትለማመዱ

ተራ ጊታር ላይ ጣት የሚያርፈው ከፍሬቱ ኋላ ነው። እዚህ ግን ዘንጉ ልክ መስመሩ አናት ላይ ይሁን። ከላይ ቀጥ ብላችሁ እዩት፤ ከጎን ካያችሁት ዓይናችሁ ይሸውዳችኋል። አትጫኑት፤ የብረቱ ክብደት ይበቃል። ከዘንጉ ኋላ ያሉት የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹን ለስለስ አድርገው እየነኩ ይከተሉት፤ አለበለዚያ ከኋላ የሚንጫጫ ድምፅ ይሰማል። የማይፈለገውን ክር ማፈን የዚህ መሣሪያ ግማሽ ጥበብ ነው።

የጀማሪ ትልቁ ፈተና ማብዛት ነው። ማንሸራተት ስለሚጥም እያንዳንዱን ድምፅ ያንሸራትታል፤ ዜማው ሰካራም ይሆናል። መጀመሪያ ሳታንሸራትቱ፣ እያነሳችሁ፣ ድምፁን በቀጥታ ምቱ። ድምፁ ሲስተካከል ማንሸራተቱን እንደ በርበሬ ጨምሩበት። ድምፅ ማርገብገብን የመጨረሻ አድርጉት፤ የሳተ ድምፅን መደበቂያ እንዳይሆን።

ከቅኝቶቹ ለእኛ ሰው የሚመቸው ሲ6 የሚባለው ነው፤ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ። ድምፆቹን ከትዝታ ሜጀር ጋር አስተያዩአቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከአምስቱ አራቱ ባዶ ክር ላይ ተቀምጠው ይጠብቋችኋል። አምስተኛው ሬ ደግሞ ዶ ክር ላይ፣ 2ኛው መስመር ነው። በሳምንት ውስጥ አንድ የትዝታ ሐረግ ማውጣት ይቻላል። ትዝታ ማይነር ግን ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ስለሚወርዱ ባዶ ክሮቹ አያገለግሉም፤ ለሁለተኛ ወር ይቆይ።

በየቀኑ 20 ደቂቃ ይበቃል። መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ጥሩ መሰንቆ ተጫዋች አድምጡ። መሰንቆ ላይም ጣት የት እንደሚያርፍ የሚናገር መስመር የለም፤ ዳኛው ጆሮ ነው። ከዚያ በ1920ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የቀዳውን ሶል ሆኦፒኢን ስሙ። ከዚያ ጄሪ በርድን።

ዕዳውን የመለሰው ሰው

ጄሪ በርድን ሳልተርክ መጨረስ አልፈልግም። በ1920 ኦሃዮ ተወለደ፤ ነጭ ነው፣ ከሃዋይ ጋር ዝምድና የለውም። ልጅ ሳለ ተጓዥ የሃዋይ ሙዚቀኞች ከተማው መጥተው ሲጫወቱ ሰማ፤ ልቡ እዚያው ቀረ። አድጎ ናሽቪል ገባ፤ ከሃንክ ዊልያምስ ጋር በ1940ዎቹ መጨረሻ ሸክላ ቀዳ፤ ሲ6 ቅኝትን ያስፋፋው በዋናነት እሱ ነው። ዝናውና ገንዘቡ ናሽቪል ነበር። በ1972 ግን ጠቅልሎ ሆኖሉሉ ገባ። ያገኘው የሃዋይ ወጣት ኪካ ኪላን የማይነካበትን ጊዜ ነው። ቁጭ ብሎ ያስተምር ጀመር። ካስተማራቸው አንዱ፣ አለን አካካ፣ በተራው የሃዋይ ልጆችን አስተማረ። በርድ በ2005 አረፈ።

የተቀበለውን ለባለቤቱ መለሰ። ይህን ሳስብ የእኛ ነገር ይመጣብኛል። የእኛን ቅኝቶች ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚጫወቱ የውጭ ባንዶች አሉ። አንዳንዱ ከማን እንደወሰደ ይናገራል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። ዝም ሲል እንቆጣለን፣ መቆጣታችንም ትክክል ነው። ታዲያ የምንጠይቀውን ክብር ለሌላውም እንስጥ። ላፕ ስቲል ጭናችሁ ላይ ስታጋድሙ "ይህ ምንድን ነው?" የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። "የካንትሪ ጊታር ነው" አትበሉት። ኪካ ኪላ ይባላል በሉት፤ ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል የላኢዬ ልጅ የሠራው፣ አገራቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ይዘውት የዞሩት ነው በሉት። ከዚያ አንድ ትዝታ ተጫወቱለት።

መልካም ልምምድ። ሰላም ሁኑ።